ፍራሽ ጭኖ ወደ ሸነን

አንደኛው ጆሮዬ ከደነቆረ ቆይቷል፤ የቀረው ግን ወሬ ሲያገኝ የሁለቱን ይሠራል። ከአምቦ ወደ ሸነን በሚሄደው ታክሲ፣ ከፊቴ ባለው ወንበር አባትና ልጅ፣ አጠገባቸውም የማያውቁት አንድ የባዮሎጂ መምህር ተቀምጠዋል።

«ጣራው ላይ ያለው ፍራሽ የእናንተ ነው?» አለ መምህሩ።

«የእሷ ነው። አምቦ ቤት ተከራይቼላት ዘጠነኛ ትማር ነበር። ወደቀች፤ ከእንግዲህ ይበቃታል ብዬ ወደ ቤት ልወስዳት ነው።»

«ስምንተኛስ እንዴት ነበረች?»

«ከክፍሏ አንደኛ! ያኔ ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ ነበራ። ዘጠነኛ ስትገባ ሁሉም እንግሊዝኛ ሆነባት።»

መምህሩ ወደ ልጅቷ ዞረና በአፋን ኦሮሞ፣ «ደም ልብ ውስጥ ከገባ በኋላ ወዴት ይሄዳል?» አላት።

እሷም በዚያው ቋንቋ ከልብ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ልብ፣ ከዚያ ወደ መላ ሰውነት እያለች አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

«ትክክል ነው። እኔም ከዚህ በላይ አላስተምርም።»

«ታዲያ እንዴት ወደቀች?» አለ አባት።

«ፈተናው እንዲህ ብሎ አይጠይቃትማ፣ ኦቦ።»

«እናንተስ በሚገባት ቋንቋ አታስረዷትም?»

«እናስረዳለን። ፈተና ላይ ግን አጠገቧ ቆመን አንተረጉምላትም።»

«እሺ፣ ለከርሞ ብመልሳት ታልፋለች?»

መምህሩ ቀና ብሎ ፍራሹ ወዳለበት ጣራ አየ።

«አባ፣ ሰውዬውን አታስጨንቀው» አለች ልጅቷ።

ታክሲ ውስጥ ምክር ሳልሰጥ ወርጄ የማላውቀው እኔ ቀባጣሪው ሽማግሌ፣ ጉደር እስክንደርስ አጎንብሼ የጫማዬን ማሰሪያ ስፈታና መልሼ ሳስር ቆየሁ።