የምንነሳው ለወንበሩ ነው

ዝናብ አንዳንዴ ሽማግሌ ነው፤ የተኳረፉትን አንድ ጣራ ሥር ያስቀምጣል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ባይዘንብ ኖሮ ጋሽ ተነሱ የእህታቸውን ልጅ ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ቀይረው ባለፉ ነበር። ደጋግማ ደውላላቸው አላነሱም፤ ምን ልትላቸው እንደምትደውል ያውቁታላ። አሁን ግን እሷ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፣ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ካፖርታቸውን ያራግፋሉ፣ ውጭው እንደ ጉድ ይዘንባል። የት ይሂዱ?

ስማቸው ጋሽ ተነሱ አልነበረም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፍርድ ቤት ችሎት አስከባሪ ነበሩ፤ ዳኛው ሊገቡ ሲሉ «ተነሱ» ብለው አዳራሹን በአንድ ቃል ቀጥ የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው የታወቀ ነበር። ጡረታ ወጡ እንጂ ስሙ ጡረታ አልወጣም። ዛሬም ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሲገቡ አንዱ ቀልደኛ «ተነሱ» ይላል፣ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ብድግ ይላል፣ እሳቸውም እጃቸውን አንስተው «ተቀመጡ» ይላሉ። ቀልዱን ይወዱታል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ማንም አይቀልድም፤ ያላቸው አንድ ልጅ ታስሯል።

ልጃቸው በያጅ ነው። ከሥራ ቦታው አጠገብ ያለ የእንጨት መጋዘን አንድ ምሽት ተቃጠለ። የመጋዘኑ ባለቤትና እሱ በአጥር የተነሳ ተጣልተው ስለነበር ፖሊስ መጀመሪያ የያዘው እሱን ነው። ጣቢያ ከረመ፤ በመጨረሻ «ሆነ ብዬ ለኮስኩት» የሚል ቃል ላይ ፈረመ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ቃሉን ካደ፤ አንዲት ልብስ ሰፊም በዚያ ሰዓት ሌላ ሰፈር የእሷን የብረት በር ሲበይድ እንደነበር መሰከረችለት። አልሆነም። አምስት ዓመት ተፈረደበት። የእህታቸው ልጅ፣ የሕግ መምህርቷ፣ ይግባኝ እንዲል ለመነችው፤ እሱም «አባቴ ካላለኝ አልፈርምም» አላት። ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ በዚያው ሳምንት ያልቃል። ነገሩ ይኸው ነው።

መምህርቷ ተነስታ እጅ ነሳቻቸው፣ ቦታዋንም ለቀቀችላቸው።

«አጎቴ፣ ስልክዎ ተበላሽቶ ነው?»

«ስልኩስ ደህና ነው ልጄ። የተበላሸው ሌላ ነው።»

ለእስር ቤት ጥየቃ የሚሆን የመታወቂያ ኮፒ ፈልገው እንደመጡ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ነገሯት። ሴትዮዋ መታወቂያውን ተቀብላ «እኔ ምንም አልሰማም፣ ማሽኑ ይጮሃል፤ ተጫወቱ» አለችና ማሽኑን አጥፍታ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል» አለች መምህርቷ። «ጊዜው እያለቀ ነው፣ አጎቴ።»

«ከነገሩ ጦም እደሩም ይባላል። ዳኛ ፈርዷል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እያስነሳሁ ያስከበርኩትን ወንበር ልጄን ሲነካ ጊዜ ዞሬ ተሳስተሃል ልበለው? ሰውስ ምን ይለኛል? በሰው ልጅ ሲፈረድ በሕግ አምላክ፣ በራሱ ልጅ ሲፈረድ በይግባኝ አምላክ ይላል ልባል?»

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጠች። መምህርቷ ግን አልሳቀችም። አጎቷ ግትር እንዳልሆኑ ታውቃለች፤ ግትር ቢሆኑ ይቀላት ነበር። እኒህ ሰው የሚከራከሩት ለሚያከብሩት ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ያከበረውን በማንቋሸሽ አይመለስም።

«ይግባኝ ዳኛን መስደብ አይደለም» አለች ረጋ ብላ። «ሕገ መንግሥቱ ራሱ የሰጠው መብት ነው። ሕጉ ከዳኛው በላይ ሌላ ዳኛ ያስቀመጠው ዳኛም ሰው መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ባይሳሳት ኖሮ ያ ሁሉ የይግባኝ ችሎት ፎቅ ለምን ይሠራ ነበር?»

«እኔ ምድር ቤት ነው የሠራሁት፤ ፎቁን አላውቀውም። ደግሞስ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። እዚያ ወጥቶ አምስቱ ዓመት አሥር ቢሆንስ?»

«አይሆንም። ዐቃቤ ሕጉ ይግባኝ አላለም። በኛ ሕግ የተፈረደበት ሰው ብቻውን ይግባኝ ካለ ቅጣቱ ሊቀንስ ወይም ባለበት ሊጸና ይችላል እንጂ አይጨመርበትም። ሰው መብቱን ለመጠየቅ እንዳይፈራ ተብሎ ነው።»

ጋሽ ተነሱ ይህን አያውቁም ነበር። ፍርሃታቸው አንድ እግሩ ተሰበረ፤ በሌላው እግሩ ግን ቆመ።

«ፈርሟል እኮ፣ ልጄ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ያላጠፋ ሰው አጥፍቻለሁ ብሎ ይፈርማል?»

«ጣቢያ ሄደው ሲጠይቁት ምን ብለውት ነበር?»

ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደግሞ መናገር ግን ከበዳቸው። «አትከራከራቸው፣ የሚሉህን እሺ በል፣ ዳኛ ፊት እውነቱ ይወጣል አልኩት። ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ ገሠጽኩት።»

«እሱም ሰማዎት። ዳኛው ደግሞ ሰው በራሱ ላይ በሐሰት አይፈርምም ብለው የልብስ ሰፊዋን ቃል ሳይመዝኑ አለፉት። ልጅዎ ዳኛው ያዩልኛል ብሎ ፈረመ፤ ዳኛው ተፈርሟል ብለው ሳያዩ ቀሩ። በመካከል እውነቱን ያየው ሰው ጠፋ።»

ሽማግሌው ካፖርታቸው ላይ የቀረ የውሃ ጠብታ አገኙና በጣታቸው ጠረጉት።

መምህርቷ ቀጠለች። የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ ይህም በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ጠበቃም ሊያማክር እንደሚገባው ሕገ መንግሥቱ በግልጽ ይላል፤ ለልጃቸው ግን ይህን የነገረው አንድም ፖሊስ አልነበረም። ጣቢያው መዝገብ ላይም ነገርነው የሚል አንድ ቃል የለም። «ዝም አይነቅዝም ያሉት የኛው አባቶች ናቸው» አለች። «ሕጉ ከነሱ በኋላ ነው የደረሰው።»

እዚህ ላይ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ምንም እንደማትሰማ ረሳችው። «እንዲህማ ከሆነ ወንጀለኛው ሁሉ አፉን ዘግቶ ሊያመልጥ ነዋ» አለች።

«ወንጀለኛ የሚያዘው በምስክርና በማስረጃ ነው፣ እታለም። ፖሊስ ፊርማ ካገኘ ማስረጃ መፈለጉን ያቆማል። መጋዘኑ በሌላ ምክንያት ተቃጥሎ ከሆነ ያ ምክንያት ዛሬም በቦታው አለ፣ ነገም ሌላ ቤት ያቃጥላል ማለት ነው። የርስዎ ቤት ደግሞ የሞላው ወረቀት ነው።»

ሴትዮዋ እስከ ጣራ የተደረደረውን ወረቀቷን አየችና ማሽኑን መወልወል ያዘች።

ከዚያ መምህርቷ ለተማሪዎቿ ልታባዛ የያዘችውን ጽሑፍ አንስታ፣ ዛሬ የሕግ ሊቃውንት በምን ነገር ላይ እንደሚሟገቱ ለአጎቷ ነገረቻቸው። አንዱ ወገን፣ የተከሳሹ ቃል ያለ አግባብ የተወሰደ ቢሆንም ቃሉ ወጥቶ የቀረው ማስረጃ ከበቃ ፍርዱ ይጽና፤ ያለዚያ ለጥቃቅን ግድፈት ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ሲፈታ ልናይ ነው ይላል። ይህ የሞኝ ክርክር እንዳልሆነ አልሸሸገችም፤ ስሕተት ሁሉ ፍርድ አያፈርስምና። እሷና ጓደኞቿ ግን ከይግባኝ የተመለሱ ውሳኔዎችን ሰብስበው አንብበዋል። ያገኙት ነገር ቢኖር፣ ዳኛ አንድ ጊዜ «አምኗል» የሚለውን ካየ በኋላ ሌላውን ማስረጃ ሁሉ በዚያ መነጽር እንደሚያነበው ነው።

«ጨው የገባበትን ውሃ አቅርቦ ጨዉን ትተህ ውሃውን ብቻ ጠጣ እንደማለት ነው» አለች። «የልጅዎን ነገር ጨው ባልገባበት ውሃ የሚያዩ ዳኞች ያስፈልጋሉ። እነሱ ያሉት ፎቅ ላይ ነው።»

 ጋሽ ተነሱ በዚህ ጊዜ እውነተኛውን ነገር አወጡት። ድሮ የሚያገለግሏቸው፣ እንደ አባት የሚያዩዋቸው ዳኛ ነበሩ። አንድ ጊዜ የእኒህ ዳኛ ፍርድ በይግባኝ ተሻረና የተፈረደበት ሰው ከእስር ቤት መጥቶ የመፈቻ ትእዛዙን ሊሰማ እዚያው ችሎት ፊት ቆመ።

«ዳኛው ከወንበራቸው ተነሱ» አሉ ጋሽ ተነሱ። «ለእስረኛው። በአንተ ላይ የፈረድኩት እኔ ነኝ፣ አላየሁልህም ነበር፣ በሰላም ግባ አሉት። ያን ቀን የምጮኸው ነገር ጠፋኝ። ማን ይነሳል፣ ማን ይቀመጣል? ጌታዬ ተዋረዱ ብዬ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። ሌላ ዳኛ እንዲያ ሲዋረድ ማየት አልሻም። በኔ ልጅ ምክንያት ደግሞ ጭራሽ።»

«በማግስቱ ሥራ ሲገቡ እንዴት ነበሩ?»

«ማን? ዳኛው?» ጋሽ ተነሱ ይህን አስበውት አያውቁም ነበር። ግንባራቸውን ቋጠሩ። ዳኛው ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ፣ ካባቸውን ሲያወልቁ፣ «ያ ሰውዬ ልጆች ነበሩት?» ብለው ይጠይቋቸው እንደነበር ትዝ አላቸው። ምን ፈልገው እንደሚጠይቁ አይገባቸውም ነበር። በማግስቱ ግን ዳኛው ከሁሉ ቀድመው መጥተው የቢሮአቸውን መስኮት በገዛ እጃቸው ከፍተው አገኟቸው።

«ዛሬ እንቅልፍ ተኛሁ አሉኝ» አሉ ጋሽ ተነሱ ቀስ ብለው። ድምፃቸው፣ ያ አዳራሽ የሚያስነሳ ድምፅ፣ ሟሟ። «ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሰው ጠይቀውኝ አያውቁም።»

መምህርቷ አልቸኮለችም። አዲስ ለሚቀጠሩ ችሎት አስከባሪዎች ምን ያስተምሩ እንደነበር ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ወዲያው መለሱ፤ ይህን ከእንቅልፋቸው ቢቀሰቅሷቸውም ይሉታል።

«የምንነሳው ለሰውየው አይደለም፤ ለወንበሩ ነው።»

«ፎቅ ላይ ያሉትስ ወንበሮች፣ አጎቴ?»

ዝናቡ አባርቷል። ሰው ከየጣራው ሥር እየወጣ ነበር። ጋሽ ተነሱ መታወቂያቸውን ከነኮፒው ተቀበሉና ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ዘንበል አሉ። «የእሷንም መታወቂያ ኮፒ አድርጊልኝ» አሉ። «አብራኝ ትገባለች።»

እስር ቤቱ መጠየቂያ ቦታ ላይ ልጁ ከሽቦው ማዶ ቆመ። ክንዱ ላይ ያሉት የብየዳ ጠባሳዎች ደብዝዘዋል፤ ሥራ የፈታ እጅ ነው። አባቱ ስለ ጤናው፣ ስለ መኝታው ጠየቁት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ያኔ እሺ በል ያልኩህ እኔ ነኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ዕውቀት የሌለው ምክር ሰጠሁህ። ዛሬ እምቢ በል የምልህም እኔው ነኝ። ይግባኝህን ፈርም።»

ልጁ አባቱን አየ፣ የአክስቱን ልጅ አየ። «ሰው ምን ይልሃል፣ አባዬ?» አለ።

«ሰው ያለውን ይበል። እኔ ቀን ከሌት የምጠይቀው አንድ ሰው አለኝ፤ እሱ ደግሞ አንተ ነህ።»

ልጁ ፈረመ። ጋሽ ተነሱ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ፎቅ የወጡት የይግባኙ ቀን ነው፤ መወጣጫው ላይ እያረፉ ወጥተው ከኋላ አግዳሚ ተቀመጡ። ሌላ ወጣት «ተነሱ» አለ፣ እሳቸውም ከሁሉ ቀድመው ተነሱ። የገቡት ሦስት ዳኞች የታችኛውን ዳኛ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩትም። መብቱ ሳይነገረው የተወሰደውን ቃል ከመዝገቡ አወጡ፣ የልብስ ሰፊዋን ምስክርነት አንስተው መዘኑ፣ በቀረው ማስረጃ ማንንም ጥፋተኛ ማለት አይቻልም አሉና ልጁን በነፃ አሰናበቱት። አባትየው አለቀሱ፤ በዚህኛው ጊዜ ኮሪደር አልወጡም።

ፖሊስም የዘጋውን ምርመራ እንደገና ከፈተ። ባለሙያዎች ቢያዩት እሳቱን ያስነሳው ከመጋዘኑ ጣራ ሥር የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ኖሯል፤ ያው ሽቦ ያለ ፍተሻ እስከ ጎረቤት ሱቆች ድረስ ተዘርግቶ ነበር። ተቆርጦ በአዲስ ተተካ። እንግዲህ አንድ ሰው ይግባኝ በማለቱ ልጁ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ሰፈሩ ከሁለተኛ ቃጠሎ ዳነ፣ ጣቢያውም የተያዘን ሰው መብቱን ሳይነግር ቃል መቀበል ተወ። ያን ቀን ዝም ቢባል ኖሮ ሁሉም ባለበት ይቀር ነበር፤ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳምና።

ፀጉር አስተካካዩ ቤት ቀልዱ ተመልሷል። ይሁን እንጂ አሁን ጋሽ ተነሱ ዘንድ ምክር ፍለጋ የሚመጣ ሰው በዝቷል፤ ልጁ የተያዘበት፣ ወንድሟ የተፈረደባት። ለመጀመሪያው ልጅህን «ዝም በልና ጠበቃ ጥራ» በለው ይሉታል። ለሁለተኛዋ ፎቁን ይጠቁሟታል። በቅርቡ አንዲት እናት ፈራ ተባ እያለች፣ ይግባኝ ብንል ዳኛው አይቀየሙንም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሰውየው ሊቀየም ይችላል» አሏት። «ወንበሩ ግን አይቀየምም። ተነሺ፣ እኔም አብሬሽ እወጣለሁ።»