ልብስ ሰፊው ከልጁ የነጠቀው ስልክ

ልብስ ሰፊው የዚያን ቀን ሱቁን የዘጋው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነበር። ግማሹ የተሰፋ ኮት ከስፌት መኪናው ላይ እንዳለ፣ የመለኪያ ሜትሩንም ከአንገቱ ሳያወርድ፣ ወደ እህቱ ቤት ገሰገሰ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ ስልኳን ስለነጠቃት አኩርፋ ትናንት ወደ አክስቷ ሄዳ ነበር። ዛሬ ሊያመጣት ቆርጧል፤ በውድ ካልሆነ በግድ።

አውቶቡስ መቆሚያው ሲደርስ ዝናብ ያዘው። ከመጠለያው ሥር ሲገባ የእህቱን ልጅ አገኛት። እሷ ነርስ ናት፤ ከሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ እየሄደች ነው።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» ብላ ጎንበስ አለችለት።

«ምን ደህና መዋል አለ! ያቺን ልጅ ልወስድ ነው። አንቺም እናትሽም ጥፋቷን እያወቃችሁ ጉያችሁ ሸሸጋችኋት።»

«አልሸሸግናትም። እያለቀሰች መጣች፣ አስተኛናት። ከዚያ ወዲህ ከአፏ ቃል ማውጣት አልቻልንም።»

«እኛስ ቤት መቼ ታወራለች? ስትበላ ስልክ፣ ስታጠና ስልክ! እናቷ ስትጠራት ግድግዳ የምትጠራ ነው የሚመስለው። መከርኩ፣ ተቆጣሁ፣ አልሆነም፤ ነጠቅኩ። እንጨት የሚቃናው በርጥቡ ነው።»

«እውነትዎን ነው። ግን ቀስ ተብሎ ነው ጋሼ። በኃይል ካጎበጡት ርጥቡም ይሰበራል።»

ልብስ ሰፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ባደገበት ቤት የአባት ቃል አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ ዝም ያለ ልጅ እንደ ታዘዘ ይቆጠራል። በዝምታ ውስጥ ሌላ ነገር ሊኖር እንደሚችል ያስተማረው የለም።

«ታዲያ ልቅ ልልቀቃት?» አለ።

«ኧረ ልቅማ አይሆንም! እኛ ሆስፒታል የሚመጡትን ልጆች ቢያዩዋቸው! እንቅልፍ አጥተው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ራሳችንን አመመን እያሉ ነው። ገደብ የግድ ነው። ግን ገደቡን ከእሷ ጋር ተቀምጠው ያውጡት።»

«ከልጅ ጋር ሕግ ላወጣ? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ባለቤቱን ሳይለኩ ጨርቅ ይቆርጣሉ?»

«እንዴት ተደርጎ! የሰው ጨርቅ ላበላሽ?»

«ለልጅዎ ያወጡት ሕግ ግን ሳይለካ የተቆረጠ ነው። ስልኩ ላይ ምን እንደምታይ አንድ ቀን ጠይቀዋታል?»

አልጠየቀም። እንደ ልማዱ የራሱን ስልክ ከኪሱ አወጣና ዜና ማየት ጀመረ። ነርሷ ታየዋለች። ጥቂት ቆይቶ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ልትዪኝ ነው?»

«ምን ቆርጦኝ ጋሼ! እርስዎ ራስዎ አሉት።»

ሳያስበው ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ከፊቱ ጠፋ።

«በቀደም ራት ላይ ‹አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ› አለችኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዜና እያየሁ ነበር። ቆይ አልኳት። ጠብቃ ጠብቃ፣ ሳህኖቹን አንስታ ሄደች። ምን ልትነግረኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።»

«እንግዲያው ከዚያ ይጀምሩ» አለችው የእህቱ ልጅ።

እህቱ ቤት ሲደርሱ ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣ ነበር። አባቷ ሲገባ ትከሻዋን ሰበሰበች። እሱ ግን ዝቅተኛ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና የነጠቃትን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ከጎኗ አኖረው።

«ያን ማታ ልትነግሪኝ የነበረው ምንድን ነው?»

ስልኩን አልነካችውም። ዓይኗን ሳታነሣ ተናገረች። የክፍሏ ልጆች ሳታውቅ ፎቶ አንስተዋት፣ አበላሽተው ለሁሉም በትነውታል፤ በየሰዓቱ የስድብ ዓይነት ይጽፉበታል።

«ሳላየው ካደርኩ፣ ጠዋት ክፍል ስገባ በምን እንደሚስቁብኝ አላውቅም አባዬ። ስልኩን ስትወስድብኝ ዓይኔን ሸፍነህ መሐላቸው የጣልከኝ መሰለኝ።»

ልብስ ሰፊው በርጩማውን አስጠጋ። እጇን ይዞ፣ «ነገ አብረን ትምህርት ቤት እንሄዳለን» አላት።

በማግሥቱ አብረው ትምህርት ቤት ሄዱ። ርዕሰ መምህሩ ልጆቹን ከወላጆቻቸው ጋር አስጠራ፤ ፎቶውም እንዲጠፋ ተደረገ። ስድቡ ግን ወዲያው አልቆመም፤ እየሳሳ እየሳሳ ነው የሄደው።

ቤት ውስጥም ደንብ ወጣ። ራት ላይ ስልክ የለም፤ ሲተኙም የሁሉም ስልክ ሳሎን መደርደሪያው ላይ ያድራል።

«የአንተም?» አለች ልጅቷ።

«የእኔም።»

ቀላል አልነበረም። እሷ አንዴ ደብቃ ይዛ ተገኘች፤ ጠብም ሆነ። እሱም በራት መካከል እጁ ወደ ኪሱ ሲሄድ፣ «አባዬ፣ መደርደሪያው ይጠራሃል» ብላ ያዘችው። እየወደቁ እየተነሡ ለመዱት። የልጅቷ እንቅልፍ ተመለሰ፤ እናቷ ስትጠራት «አቤት» የሚል ድምፅ በቤቱ መሰማት ጀመረ።

ስልክን ከልጅ እጅ መንጠቅ ለጉልበተኛ ቀላል ነው። ልጅ የሆዷን የምታወራበት ቤት ማቆየት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ወላጅ ራሱ በሚያዝዘው ደንብ ሲገዛ ደግሞ ልጅም ደንቡን ታከብራለች።

አሁን በዚያ ቤት ራት ይረዝማል። ልጅቷ ስለ ክፍሏ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስላሳቃት ነገር ሁሉ ስታወራ እናቷ፣ «ኧረ ምግቡ ቀዘቀዘ!» ትላለች።

«ይቀዝቅዝ» ይላል ልብስ ሰፊው። «ትጨርስ።»