መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠችው አዳማጭ

አናጢውን ያገኘኋቸው በምንኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ነው። እኔ ስወርድ እሳቸው ይወጡ ነበር፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ግን ቁጭ ብለው የደረጃውን መደገፊያ ያሻሹ ጀመር።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?»

«ኧረ ደህና ነኝ መምህር። ይቺን መደገፊያ እያየኋት ነው። የሠራት ሰው በደንብ አልላጋትም።»

ሰውዬው ሲዋሹም በሙያቸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የእንጨት ብናኝ ስበዋል። ነርስ የሆነችው ልጃቸው የኮት ቁልፍ የምታህል ሴንሰር አምጥታላቸው ነበር፤ ጀርባ ላይ ተለጥፋ ትንፋሽ የምታዳምጥ፣ ሲያፏጭ ወይም ሲፈጥን ለልጅቱ ስልክ የምትናገር። ሴንሰሯ ምን እንዳለች ብጠይቃቸው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ትንፍሽ አላለችም፣ ስለዚህ ጤነኛ ነኝ አሉኝ።

ደግፌ ቤት አስገባኋቸው። ቤት የነበረችው ልጃቸውም ስልኳ ሦስት ሳምንት ምንም መልእክት ስላልደረሰው፣ ዕቃዋ ተበላሽታለች ብላ ልትመልሳት እንደነበር ነገረችን። አባት መሳቢያ ሳቡ። ሴንሰሯ ከመሮዎቻቸው መካከል፣ ዘይት በነካው ጨርቅ ተጠቅልላ ተኝታለች።

«ብናኝ እንዳያበላሻት ብዬ ነው» አሉ።

እኔ እዚህ ላይ ጦፍኩ። መጋዙን ከዝገት የሚጠብቅ ሰው ሳንባውን እንዴት ለብናኝ ይሰጣል? ሳሉን ሁሉ «ብርድ ነው» እያልን፣ ሐኪም ዘንድ የምንሄደው ነገር ካለቀ በኋላ ነው አልኩ። ስለ መሳቢያው ጤንነትም ጨመርኩበት፤ እሱስ በእርግጥ ሦስት ሳምንት አላሳለም።

አናጢው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ቁጣዎ ሳሌን አያቆመውም መምህር። ደግሞ እኔ ጣውላ ውስጡ መበስበሱን በጣቴ አንኳኩቼ ነው የማውቀው። ለዚህ መሣሪያ አልፈልግም።»

«የራስህን ጀርባ ግን ማንኳኳት አትችልም፣ አባዬ» አለች ልጅቱ።

አናጢው መስኮቱ ሥር ወዳለው ባዶ ወንበር ዞሩ። ከዚያ ነገሩን። ሟች ባለቤታቸው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸውና፣ እሳቸው ማታ ማታ ከሥራ ሲመለሱ፣ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ ከግራ ትከሻቸው በታች ጆሮዋን ታስጠጋ ነበር። «ዛሬ አፏጭተሃል፤ ነገ እንጨት አትላግ» ካለች በማግስቱ አይልጉም። እሷ ከሄደች አራት ዓመት ሆናት።

«ከእሷ ወዲህ የሰማኝ የለም» አሉ። «ይህቺን ብለጥፍ ቦታዋን ለሌላ የሰጠሁባት መሰለኝ።»

«እማዬን ማን ይተካል? እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ልሰማህ አልችልም። ይህቺ ትስማና ትንገረኝ።»

እኔ ስደነፋ የቆየሁት ስለ ሳይንስ ነበር፤ ሽማግሌውን ያሸነፈው ግን የእኔ ክርክር አይደለም፣ ይህን ለመጻፍ አላፍርም። ሸሚዛቸውን ገልበው ጀርባቸውን ለልጃቸው ሰጡ።

«ወደ ታች ዝቅ አድርጊያት። እናትሽ እዚያ ነበር የምታዳምጠኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር አልፏል። ደረቅ እንጨት በላጉ ቁጥር ትንፋሻቸው እንደሚያፏጭ ታወቀ፤ አሁን አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ደጅ ወጥተው ይልጋሉ። ሐኪሙም ሕመሙ ሳይብስ መድኃኒታቸውን አስተካከለ። የጠፋ ሳንባ በሴንሰር አይመለስም፤ ይመለሳል የሚል ካለ ይዋሻል። የቀረውን ግን ታስጠብቃለች፤ ስንቱ ሰው ይህን አጥቶ በ«ብርድ ነው» ተቀበረ!

ትናንት ማታ ቤታቸው ነበርኩ። አናጢው ገቡና ኮታቸውን ሳያወልቁ ወንበሩ አጠገብ ቆሙ።

«ምን አለች?»

ልጅቱ ስልኳን አየች። «ዛሬ አፏጭተሃል። ነገ እንጨት አትላግ።»

«እሺ» አሉ፣ ወደ ወንበሩ እያዩ።