ዘይነባ ያልወደደችው ማመልከቻ

ቢቸና አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ አመልክቼ አንዴ ስለወደቅሁ፣ ዘንድሮ «ለምን መማር እንደፈለጉ ይግለጹ» ለሚለው ጥያቄ ከኢንተርኔት የለቃቀምሁትን ከባድ ከባድ እንግሊዝኛ ደርድሬ ሞጣ ሄድሁ። እዚያ ጨርቅ የምትነግደው የክፍል ጓደኛዬ ዘይነባ እንድታይልኝ ነው። አንብባ ስትጨርስ ሳቀች። «ወላሂ፣ እዚህ ውስጥ አንቺን ፈልጌ አጣሁሽ! ያችን መንታ ያረገዘች ሴት ለምን አትነግሪያቸውም?» አለችኝ። ክረምት ላይ በቃሬዛ መጥታ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ አምቡላንስ ሊደርስላት ያልቻለ ሴት ነበረች። ሁለተኛው ልጅ ሆዷ ውስጥ ተጋድሞ፣ እየፈራሁ ነው ያዋለድኋት፤ የተረፉትም በእኔ እውቀት ሳይሆን በእግዜር ቸርነት ነው። «እሱማ አለማወቄን መናገር ነው!» ብዬ ተቆጣሁ። «ታዲያ ሰው የሚማረው አውቆ ነው እንዴ?» አለችኝ።

አዲስ ወረቀት አወጣሁ። እዚያው ሱቋ ውስጥ፣ ከጨርቅ ጥቅሉ መሀል ተቀምጬ፣ የሆነውን እንደሆነ፣ ፍርሃቴንም ሳልደብቅ በቀላል እንግሊዝኛ ጻፍሁት። ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ አንድ ሸበቶ መምህር ወረቀቴን ይዘው «ያች ሴት ዛሬ ብትመጣ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ። «እስካሁን የማውቀውን አደርጋለሁ፤ የቀረውን እንድታስተምሩኝ ነው የመጣሁት» አልኋቸው። ፈገግ አሉ።

ማለፌን የሰማሁ ዕለት ለዘይነባ ደወልሁላት። የገበያ ቀን ነበርና ሱቋ በሰው ተሞልቷል። እልልታዋን ስታቀልጠው፣ ገበያተኞቹ ምኑንም ሳያውቁ አብረው እልል አሉልኝ።