ከመቶ አምስት እጅ

የቀድሞ ተማሪዬን ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ያገኘኋት በአጋጣሚ ነው። አሁን የሕንፃው ጥገና ኃላፊ ናት። እኔ የመጣሁት ቤተ ሙከራችን ሠርቶ በየደረጃው ጠርዝ የለጠፈውን ስስ ፕላስቲክ ለማየት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በራሱ ያበራል።

«እንኳን መጡ መምህር። ትናንት መብራት ሲቋረጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ወደቀች። ደግነቱ ክንዷ ብቻ ነው የተላጠው።»

«የእኛ ፕላስቲክ አልበራም?»

«በርቶ ነበር። 'አይዞሽ' ብዬ ሳልጨርስ ጠፋ።»

አፈርኩ፤ እፍረቴንም በቁጣ ሸፈንኩት። «እንግዲያው ፕላስቲኩ ውስጥ የምንቀላቅለውን የሚያበራ ዱቄት እንጨምራለን።»

«ይቀንሱት እንጂ!»

«ዘይት ሲቀነስለት የሚደምቅ ኩራዝ የት አየሽ?»

ሳቀች። «ኩራዝ ሳይሆን አውቶቡስ ነው፣ መምህር። ብርሃን የያዙት ሞለኪውሎች ሲጨናነቁ ይጋፉና የያዙትን ይጥላሉ። ተራርቀው፣ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ሚስማር ጠብቀው ሲቀመጡ ግን ቀስ እያሉ ይለቁታል። እርጥበት ፕላስቲኩን ያላላዋል፤ አየርም ገብቶ ብርሃኑን ይሰርቃል። ዱቄቱ ከመቶ አምስት እጅ ሳይሆን ግማሽ እጅ ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ በደንብ ማድረቅና ከላይ መሸፈን ነው። ክፍል ውስጥም ብዬዎት ነበር።»

ብላኝ ነበር። «የሟቹን ቀመር ልታርሚ ነው?» ብዬ በሰው ፊት ዝም አሰኘኋት። «ከመቶ አምስት እጅ» የሚለው የዱቄቱ መጠን በሟቹ ባለቤቴ እጅ የተጻፈ ነው። ከእሱ እጅ የቀረልኝ ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ አንድ ፊደል እንዲነካብኝ አልፈለግሁም። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት አስገብታኝ ሁለት ቁራጭ ፕላስቲክ በባትሪ አበራችባቸው፤ ባትሪውንም አጠፋች። የእኔው «ሁለት» ብዬ ሳልቆጥር ጨለመ። በእሷው ብርሃን እስከ ዐሥራ አራት ስቆጥር የራሴን ጣቶች አይ ነበር።

«ይህን የት ሠራሽው?»

«እርስዎ ቤተ ሙከራ። ከተማሪዎችዎ ጋር፣ ተደብቀን።»

«ምን ፈርታችሁ?»

«እርስዎን» አለች፤ ቀስ ብላ።

በማግስቱ ከባለቤቴ ጽሑፍ ሥር «ከመቶ ግማሽ እጅ፤ ደርቆ፣ ተሸፍኖ» ብዬ በእጄ ጻፍኩ፤ የእሷንም ስም አስከተልኩ። የእሱን መስመር አልሰረዝኩትም። ዛሬ ዱቄታችን የድሮው አንድ ዐሥረኛ ነው፤ ሰውም ደረጃውን እያየ ይወርዳል፤ ተማሪዎቼም የሠሩትን አይደብቁኝም።

ክንዷ የተላጠባትን ሴት ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኋት። «እርስዎ ምን አደረጉ? እግሬ ነው የሳተኝ» ብላ ወንበር ሳበችልኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።