ከቀበሮው ይልቅ ትሉ

የእጅ ጽሑፌ አያምርም፣ ፊደልም እስታለሁ፤ ስምንተኛን የጨረስኩት እንደምንም ነውና ይቅርታ አድርጉልኝ።

እዚህ ድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ፣ የጎረቤታችን ልጅ ሰሚራ በስልኳ ጌም ትጫወታለች። በየሜዳው የሚገኙ ትንንሽ አውሬዎችን ይዞ አሳድጎ ማዋጋት ነው። ባለፈው «መጀመሪያ የምንይዘውን አንቺ ምረጪ» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ። ያለን ወጥመድ አንድ ብቻ ነበር። ከፊታችን እሳት የሚተፋ ቀበሮ ቆሟል፤ ሣሩ ሥር ደግሞ አንድ ቀጭን ትል አለ።

«ትሉ ሲያድግ ምን ይሆናል?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ! ማን ይዞት ያውቃል? ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ቀበሮውን ያዢ!»

ትሉን ያዝኩት።

«ኸላስ፣ አለቀልን!» ብላ ሳቀች። «ምን አይተሽበት ነው?»

«እንጃ፣ ሲያድግ ለማየት» አልኳት።

ውሸቴን አልነበረም፤ ግን ለማንም ያልነገርኩት አለ። የዚያን ዕለት ጧት አባየ ረስቶት የሄደውን ውሃ ይዤ፣ የሰሊጥ አጫጆች ቀጣሪ ወደሚጠብቁበት ቦታ ሄጄ ነበር። ቀጣሪው ጎረምሶቹን በጣቱ እየጠቆመ ትራክተሩ ላይ ጫናቸው። አባየ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ሳያየኝ ተመለስኩ። ቤት ሲገባ «ዛሬ ቀጣሪ አልመጣም» አለን፤ እኔም ውሃውን ቀድቼ ሰጠሁት።