አልጋ ያለው መኪና ወደ ጣና

እኔና ባለቤቴ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው የገብስ ጆንያ መስፋት ነበር። እሱን ከቀበርኩ ወዲህ ገበያ የምሄደው ብቻዬን ነው። ትናንት ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው ከሚስቱ ጋር ያወራ ነበር።

«አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ተከራይተን፣ በጀልባ ወደ አንዱ የጣና ደሴት እንሻገራለን።»

«ጀልባው መኪናውንም ይሸከማል?»

«ዱባይ መርከብ መኪና ሲጭን አይቻለሁ።»

«ጣና ዱባይ ነዋ! ደሴቱ ላይ ያለው ገዳምስ ሴት ያስገባል?»

«እሱስ... አያስገባም።»

«ታዲያ እኔ?»

«መኪናው ውስጥ ትጠብቂኛለሽ። ምድጃ አለልሽ።»

«ወይ አንተ ሰውዬ! ስድስት ዓመት እቤት ጠበቅሁህ፤ አሁን ደግሞ ጎማ ያለው ቤት ተከራይተህ ልታስጠብቀኝ?»

«በቃ፣ አልሻገርም። ዳር ላይ አብረን እንቀመጣለን።»

«ወላሂ በል!»

«ወላሂ።»

መውረጃዬ ቢያልፍም፣ ወሬያቸውን እየሰማሁ፣ እነሱ እስኪወርዱ ድረስ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም።